ዲፕ ፍሪዘሩን የቱ ጋ ልብሳው? (ከ41 መልስ በኋላ)

መነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ቤቴ ውስጥ ሥራ የፈታ ዲፕ ፍሪዘር አለ፤ ከላይ የሚከፈተው፣ ባለ 300 ሊትሩ። እህቴ ሥጋና ዓሣ ትሸጥበት ነበር፤ ሱቋን ስትዘጋ እኔ ጋ መጣ። አሁን ባለቤቴ ልብስ ታጥፍበታለች። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ ባለ 19 ሊትር የማይዝግ ብረት በርሜሎች፣ አንድ የጋዝ ግፊት ማስተካከያ ሬጉሌተርና ሁለት የድራፍት ቧንቧ በሻንጣው ይዞልኝ መጥቷል። ከብቅልና ከጌሾ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ጠርሙስ ማጠብና መሙላት ሰልችቶኛል። ሐሳቤ ፍሪዘሩን የቤት ድራፍት ማድረግ ነው፤ በርሜሎቹ ውስጡ ይቀመጣሉ፣ ቧንቧዎቹ በጎኑ ይወጣሉ። ጥያቄዬ አንድ ነው። በየትኛው ጎን ብበሳ ይሻላል? ቅዳሜ ድሪል እዋሳለሁ።

ይህን የለጠፍኩት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ የውይይቱ ክር 41 መልስ ደርሷል፤ ግማሹ ስለ ፍሪዘር፣ ሩቡ ስለ እንጨትና ስለ ቡና፣ የቀረው ስለ እኔ ጠባይ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ሳያነብ እዚያው መጀመሪያ ላይ ስለሚቆም፣ በየተራው ምን እንደተባለ ራሴ ላውራችሁ። የተሰደብኩበትንም አልዘለልኩም።

ቁጥር 1 በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገባ። አንዲት ቃል ብቻ፤ እንዳልበሳ። ለምን የለ፣ ሰላምታ የለ። እኔ የጠየቅኩት የት እንደምበሳ እንጂ ልብሳ አልብሳ አልነበረምና ተናደድኩ፤ መልስም አልሰጠሁት።

ቁጥር 2 ግን ነገሩን ከሥሩ የያዙት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ፍሪጅ ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቆሞ በሚከፈት አሮጌ ፍሪጅ ጀርባ ላይ የሚታየው ጥቁር ፍርግርግ ሙቀት የሚወጣበት ነው፤ በዲፕ ፍሪዘር ግን ያ ነገር አይታይም፣ ቱቦው በጎኑ ቆርቆሮ ሥር ተለጥፎ ዙሪያውን ይሄዳል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ቱቦ የውስጡን ሣጥን እንደ መቀነት ታጥቆታል። መካከሉ ፎም ነው። ስለዚህ ጎኑ የትም ቢበሳ ከሁለቱ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንዴ ከተነካ ጋዙ ይወጣል፣ ቀዳዳውን ለመበየድ ፎሙ መቦርቦር አለበት፣ ያን ሁሉ ከማድረግ ሌላ መግዛት ይቀላል። ካላመንኩ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ጎኑን እንድዳስስ አዘዙኝ። ዳሰስኩ፤ ይሞቃል። እኛ ቤት ይህ ሙቀት ለዓመታት ብልሽት ሲባል ነው የኖረው። እህቴ በዚሁ ሰበብ ለጠጋኝ ገንዘብ ከፍላለች፤ ሰውዬውም ሠርቼዋለሁ ብሎ ተቀብሏታል።

ጋሼ ሌላም ጨመሩ። ከኋላው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የጋዙን ዓይነት እንዳነብ። አር600ኤ የሚል ከሆነ አይሶቡቴን ነው፤ ይቀጣጠላል፤ የድሪል ብልጭታ አጠገቡ ሊደርስ አይገባም። የኔ አር134ኤ ሆነ፤ እሱ አይቀጣጠልም። ቢሆንም ድሪሉን ለባለቤቱ እንድመልስ መከሩ።

ቁጥር 3 የአጋሮ ልጅ ነው፤ እሱ በስቶ ያየ ነው። አምፖል ሊያስገባበት ብሎ ሽቦ ማሳለፊያ ትንሽ ቀዳዳ ነበር የፈለገው። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማ፤ የዘይት ሽታ መጣ፤ በቃ። ፍሪዘሩ አሁን የዶሮ መኖ ያስቀምጥበታል፤ አይጥ እንደማይገባበት በኩራት ነው የጻፈው።

ቁጥር 4 በትሕትና ተቃወመ። ቱቦው ያለበትን ማወቅ ይቻላል ባይ ነው። ስታርች በአረቄ በጥብጦ ጎኑን መቀባት፣ ከዚያ ሞተሩን ማስነሳት። ሙቅ ቱቦ ያለበት መስመር ቀድሞ ደርቆ ይነጣል፣ በነጩና በነጩ መካከል መብሳት ነው። ብልህ ዘዴ ናት፤ እኔም ልሞክራት ዳድቶኝ ነበር። ቁጥር 5 ላይ ጋሼ ተመልሰው፣ ይህ የውጪውን ቱቦ ብቻ እንጂ የውስጡን እንደማያሳይ አስታወሱ፤ አረቄውንም ለተሻለ ጉዳይ ማስቀመጥ እንደሚገባ።

መፍትሔው በቁጥር 6 መጣ፤ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ነገሩን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ነው። ብረቱን ማንም አይነካም። ክዳኑን ከማጠፊያው ፈትቶ ማንሳት፣ በአራት ጣውላ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ክፈፍ መሥራት፣ ክፈፉን በሣጥኑ አፍና በክዳኑ መካከል ማስቀመጥ። የሚበሳው ጣውላው ነው። ቧንቧውም፣ የጋዝ ቱቦውም፣ የሙቀት መለኪያው ሽቦም በእንጨቱ ያልፋሉ። ከሥሩ የበር ጎማ፣ በማዕዘኖቹ ሲልከን። ነገ ቢቆጭህ ክፈፉን አንስተህ ክዳኑን መመለስ ነው፤ ፍሪዘሩ እንደ ድሮው ፍሪዘር ይሆናል። ለእኔ የመጨረሻዋ ነገር ነበረች ትልቋ፤ ዕቃው የእህቴ ነው፣ ቀን ቢወጣላት ልትጠይቀኝ ትችላለች።

ከቁጥር 7 እስከ 10 ስለ እንጨት ነው። ጅማ ላይ እንጨት ከተነሳ ማን ዝም ይላል? ባለሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሀገር ነው። አንዱ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ሲል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ እርጥበት ሲነካው እንደሚጣመም፣ ክዳኑም በወር ውስጥ መግጠም እንደሚያቆም ተከራከረ። ሦስተኛው ጥድ አለ። አራተኛው አያቱ በርጩማ ጠራቢ እንደነበሩና ከዋንዛ ሌላ እንጨት በእጃቸው እንደማይነኩ ተረከ፤ ስለ ፍሪዘር ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። ዋንዛ ገዛሁ። አናጢው ልኩን ስነግረው የንብ ቀፎ መስሎት ስንት ፍሬም እንደሚይዝ ጠየቀኝ። የቢራ ነው ብለው ደግሞ ዋጋ ጨመረብኝ።

ቁጥር 11 እና 12 በአንድ ነገር ላይ ተፋጠጡ። ክፈፉ ከክዳኑ ጋር ይያያዝ ወይስ ከሣጥኑ? 11 ከክዳኑ ጋር ይላል። ምክንያቱም ባለ 19 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከ23 ኪሎ በላይ ነው፤ ክፈፉ ሣጥኑ ላይ ከቀረ በርሜሉን ተጨማሪ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገህ ነው የምታሻግረው፣ ወገብህ ይቆረጣል። 12 በበኩሉ ቧንቧና ጣውላ የተሸከመ ክዳን ማጠፊያውን ይነቅላል ባይ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ከክዳኑ ጋር አያይዤ፣ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ሰንሰለት አሰርኩበት። እስካሁን አልተነቀለም።

አሁን ወደ ውርደቴ ልግባ። ክፈፉ አልቆ ቧንቧው ከገባ በኋላ ትዕግሥት አጣሁ። የፍሪዘሩን ማስተካከያ ዝቅተኛው ላይ አድርጌ በርሜል አስገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ላይ ቢራዬ በረዶ ሆኖ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ይህንን ሳላፍር ለጠፍኩት።

ቁጥር 13 በጨዋ ቋንቋ አስረዳኝ። የፍሪዘር ማስተካከያ የተሠራው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥርም ቢሆን ከዜሮ በታች ነው። ተራ ቢራ ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጋት ይጀምራል። የሚያስፈልገው የውጪ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሶኬቱን በእሱ በኩል አሳልፈህ፣ መለኪያውን ውስጥ አስገብተህ፣ 3 ዲግሪ ላይ ትሞላዋለህ፤ ሲደርስ ራሱ ያጠፋል፣ 1 ዲግሪ ሲጨምር ራሱ ያበራል። ኤስቲሲ 1000 የሚባለው ትንሽ ዲጂታል ዕቃ ይበቃል፤ ሲገዛ ግን የ220 ቮልቱ መሆኑ ይታይ።

ቁጥር 14 ይህን ያህል ጨዋ አልነበረም። ፍሪዘር ውሃን በረዶ እንደሚያደርግ ያላወቀ ሰው ቢራ ጠምቆ ሰው ባያጠጣ ለሀገር እንደሚጠቅም ነው የጻፈው። ቁጥር 15 እኔ ነኝ፤ የመለስኩትን እዚህ አልደግመውም፣ አጥፍቼዋለሁም። ቁጥር 16 ሁለታችንንም ገላግሎ፣ እሱ ራሱ ስንት ጠርሙስ በበረዶ ክፍል ረስቶ እንዳፈነዳ ቆጠረልን። ሰባት ናቸው።

ቁጥር 17 መለኪያው የት ይቀመጥ ለሚለው መልስ ሰጠች። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣል፤ ሞተሩ ይነሳል ይጠፋል፣ ይነሳል ይጠፋል። በርሜሉ ጎን ላይ በፕላስተር ተለጥፎ በስፖንጅ ከተሸፈነ ግን የቢራውን ሙቀት ነው የሚያነበው።

በቁጥር 18 ላይ ጋሼ ስለ መብራት ጻፉ፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይኸን ነው። መብራት መሄዱ አያስፈራም። ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ብርዱን አያፈስም፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ሁለት ሙሉ በርሜል ካለበት ደግሞ ሌሊቱን ይዞ ያድራል። የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ወዲያው ልነሳ ሲል ይታነቃል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። መቆጣጠሪያው የማዘግያ ሰዓት ስላለው 5 ደቂቃ ላይ እንድሞላው፣ ከፊቱ ስታቢላይዘር እንዳስቀድም፣ ከእንጀራ ምጣድ ጋር ደግሞ በአንድ ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ እንዳልሰካው። የኛ ቤት ሶኬት እንዴት እንደተሠራ በምን አወቁ? እዚያው ነበር የተሰካው።

ቁጥር 19 ስለ እርጥበት ነው፤ በጅማ ክረምት ግድግዳ እንኳ ያልበዋል። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባ አየር ሁሉ ውሃውን እዚያው ጥሎ ይቀራል፤ ከሥር ይጠራቀማል፣ ይሻግታል፣ ይሸታል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ ከሌለም በሳምንት አንድ ቀን በጨርቅ መጥረግ። በ12 ቮልት የሚሠራ የኮምፒውተር ማራገቢያም እንዳስገባ መከረኝ፤ ከሥርና ከላይ ያለውን አየር እንዲያቀላቅል። ማራገቢያውን ችላ አልኩት፤ ወደ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ቢራውን ከበርሜሉ ገፍቶ ወደሚያወጣው ጋዝ ዞረ፤ ድምፁም ተለወጠ።

ቁጥር 20 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍለጋ ከመንከራተት ጎሚስታ ቤት ሄዶ በርሜሉን በአየር ማስሞላት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር 21 ጠመቃ የሚያውቅ ሰው ነው፣ በጣም ተቆጣ። አየር ኦክስጅን ይዟል፤ ኦክስጅን የነካው ቢራ በቀናት ውስጥ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል፤ የጎሚስታ አየር ደግሞ የኮምፕረሰር ዘይት ጭምር ነው። ቁጥር 22 እሳት ማጥፊያውስ ቢባል፣ 21 ይብሱን ጦፈ። ዱቄት የያዘው ዓይነት አለ፤ ጋዝ ብቻ የያዘውም ቢሆን ለምግብ ተብሎ የተሞላ አይደለም፣ ውስጡን ማንም አላጠበውም። ለመጠጥ የሚሞላ ጋዝ ከሚሸጥበት ካልተገኘ ጠርሙስ ላይ ብንቆይ ይሻላል። እኔም በዚህ ተስማምቼ ሲሊንደሩን አዲስ አበባ ድረስ ልኬ አስሞላሁ፤ 350 ኪሎሜትር ገደማ ሄዶ ተመለሰ። ቁጥር 23 ያስተማረኝ ደግሞ፣ ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ እንደሚመስል ነው። የቀረውን ለማወቅ መመዘን ነው። ጎረቤቴ የቡና ነጋዴ ነው፤ ሚዛን አላጣሁም።

ቁጥር 24 የጤና ባለሙያ ናት። የጻፈችው አጭር ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ የክዳኑን አከፋፈት ቀይሬያለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቢያፈስ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ዲፕ ፍሪዘር ደግሞ ራሱ ጉድጓድ ነው። ሰው ስምንት ሰዓት ቢሠራበት የሚፈቀደው ከአየሩ 0.5 በመቶ ነው፤ 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ነው። ራስን አስገብቶ በርሜል መቀየር ያውም በጠባብ ጓዳ ምን ማለት እንደሆነ ራሴ እንዳስብበት ተወችኝ። ሲሊንደሩን ከሣጥኑ አውጥቶ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት ቀጥ አድርጎ ማሰር፣ ቱቦውን ብቻ በእንጨቱ ማሳለፍ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ጠብቆ ማጎንበስ።

ቁጥር 25 ይህን ሲያነብ ልጅነቱ መጣበት። የእህል ጉድጓድ ሲከፈት እናቱ ልጆቹን አርቀው፣ ጉድጓዱ እስኪተነፍስ ማንም እንዳይወርድ ያደርጉ እንደነበር፣ ከዚያ ኩራዝ በገመድ አውርደው ካልጠፋ ብቻ ሰው እንደሚያስገቡ ተረከ። ሰይጣን አለበት ነበር የሚባለው። ቁጥር 26 የኩራዙን ነገር አረመ፤ መብራቱ ሳይጠፋም ሰው ሊወድቅ ስለሚችል ማንም በዚህ ተማምኖ እንዳይገባ። ስለ እናትየው ግን በአክብሮት ነው የጻፈው።

ቁጥር 27 እኔ ነኝ። ሁሉንም ሠርቼ፣ ጋዝ አስገብቼ፣ አሥር ቀን ጠብቄ፣ ጎረቤት ጠርቼ ቧንቧውን ስከፍት የመጣው ሦስት አራተኛ አረፋ ነው። ጋዙን ቀነስኩ፤ አረፋው አልቀነሰም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አረፋውም ቀረ፣ ቢራውም ሞተ። ጎረቤቴ የሳሙና ፋብሪካ ከፍተሃል ወይ ብሎኛል።

ቁጥር 28 አሁንም ቀንስ አለኝ። ቁጥር 29 ጨምር አለኝ። ቁጥር 30 ሁለቱም አያውቁም አለ፤ እሱ ራሱ ግን ምንም አልነገረኝም።

ቁጥር 31 ለሠርግ ቀሪቦ የሚያዘጋጁ እናት ናቸው። ቢራ አይቀምሱም፤ ድራፍት ማሽንም በቤታቸው አይተው አያውቁም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። አረፋው ሁሉም ብርጭቆ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያው ላይ? ቧንቧውን በእጄ ስነካው ይበርዳል ወይስ ይሞቃል? ሄጄ አየሁ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ብርጭቆ ነው የሚያብደው፣ አራተኛው ደህና ነው። ቧንቧውም እንደ ክፍሉ ሙቀት ነው። እሳቸው የሚያውቁት ይህ ነው፤ የሚፈላ መጠጥ ቀዝቅዞ ሙቅ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይነሳል። ጋዙ ጥፋት የለበትም። ሣጥኑ ከሥር 3 ዲግሪ ሲሆን፣ ቱቦው የሚያልፍበት የእንጨት ክፈፍ ግን ሞቃት ነው። እኔ ችላ ያልኩት ማራገቢያ ነበር መድኃኒቱ፤ ቀዝቃዛውን አየር ከሥር ስቦ ወደ ቧንቧው ጀርባ እንዲነፋ አደረግኩት። ብርጭቆውንም በቀዝቃዛ ውሃ እንዳለቀልቅ፣ ቧንቧውንም በሰስት ሳይሆን እስከ መጨረሻው እንድከፍት ነገሩኝ። ለካ በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ራሱ አረፋ ነው የሚፈጥረው፤ እኔ ደግሞ አረፋ እንዳይበዛ ብዬ ነበር በስሱ የምከፍተው።

የቀረውን ግማሽ ጥፋት ቁጥር 32 አወጣው፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። የበይነመረቡ ሠንጠረዥ ሁሉ በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። በ3 ዲግሪ 0.8 ባር ይላል፤ 12 ፒኤስአይ መሆኑ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው ለዚሁ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከውጪው አየር የሚበልጠውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ የውጪው አየር በሳሳ መጠን ቢራው ያንኑ ያህል ጋዝ እንዲይዝ 0.2 ባር ገደማ መጨመር አለበት። ስለዚህ ለኔ ትክክለኛው ግፊት 1 ባር ነው። በሠንጠረዡ ብመራ እንኳ ቢራዬ ሁልጊዜ ትንሽ የሞተ ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ከዚያም ዝቅ አድርጌው ነበር። ሲጨመር ታዲያ ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ፍጥነቱን የሚገታው የቱቦው ርዝመትና ጥበት ነው። ቁጥር 33 ይህን ተቀብሎ ቱቦዬን ጠየቀ። አንድ ሜትር፣ ባለ 8 ሚሊሜትር፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ የውሃ ጎማ መሆኑን ስጽፍ ለጥቂት ሰዓት መልስ የሰጠኝ አልነበረም። ትክክለኛው ውስጡ 5 ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ለምግብ የተሠራ፣ ቢያንስ 3 ሜትር ነው፤ እንደኛ ላለ ከፍ ያለ ቦታ ትንሽ ቢጨመርበት ይሻላል። ተጠቅልሎ በርሜሉ ላይ ይቀመጣል። በየሁለት ሳምንቱም ይታጠባል፤ በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ሦስቱን አንድ ላይ አደረግኩ። ማራገቢያ፣ 1 ባር፣ ሦስት ሜትር ተኩል ቱቦ። ሁለት ጣት አረፋ ያለው ጃምቦ ወጣ። ፎቶውን ስለጥፍ 14 ራሱ ወደደው።

ቁጥር 34 የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እስልምናው የማይፈቅድለት፣ ስለ መጠጥ ይህን ያህል መጻፋችንን እንደማይወድ በጨዋነት የገለጸ ሰው ነው፤ ሆኖም ዕቃውን ወዶታል። የልጁ ሠርግ ደርሷል፣ ብርዝ በዚህ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ለዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ከኔ የበለጠ ሰው የሚጠቅም ነው። ቁጥር 35 ላይ የቀሪቦዋ እናት መለሱለት። ብርዝ ይሆናል፤ በደንብ ይጠለል፣ ሰፈፍና ደቃቅ የበርሜሉን መምጠጫ ይደፍነዋል። ሞቅ ያለ ቦታ ካደረ ግን ብርዝ ብርዝ ሆኖ አይቀርም፤ ይፈላል፣ ጠጅ መሆን ይጀምራል፣ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ ተሠርቶ ወዲያው ብርድ ውስጥ ይግባ፣ በቀናት ውስጥ ይለቅ። እሳቸው ሳይጨርሱ 21 ገብቶ የበርሜሉን ማስተንፈሻ በየቀኑ መሳብ እንዳይረሳ አከለ፤ በክሩ ውስጥ ሳይቆጣ የጻፈው ይህን ብቻ ነው።

ከ36 እስከ 38 ያለውን ብትዘልሉ አትጎዱም። አንዱ ቀዝቃዛ ቡና በናይትሮጅን ከበርሜል እንደሚቀዳ፣ አረፋውም እንደ ቢራ እንደሚወርድ ጻፈ። እውነት ነው፤ ናይትሮጅን ፈሳሽ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ልዩ ቧንቧ ይፈልጋል። ግን ጅማ ላይ ቀዝቃዛ ቡና? ሁለተኛው ሰው ጀበና የማያውቅ አፍ ምን እንደሚገባው ጠቀሰ፤ ሦስተኛው የቡና መገኛ ጮጬ ነው አለ፤ የካፋ ልጅ ተነሳ። የፍየሎቹን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ቁጥር 39 አንድ ወጣት ከግሮሰሪ የቀረ የፋብሪካ በርሜል እጁ እንደገባ፣ አፉን ፈትቶ ቢራ ሊሞላበት እንደሚፈልግ ጻፈ። ቁጥር 40 ጋሼ ናቸው፤ እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያ በርሜሉ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ መያዣ ተከፍሎበት ይመለሳል እንጂ አይሸጥም። ሁለተኛ ያ በርሜል እንደኔው በእጅ የሚከፈት ክዳን የለውም፤ መሐሉ ላይ ረጅም የብረት ዘንግ በቀለበት ተይዞ ቆሟል። ግፊቱ ሳይተነፍስ ቀለበቱን የፈታ ሰው ዘንጉን በፊቱ ነው የሚቀበለው፤ ሰው ሞቶበታል። ወጣቱ እንደሚመልሰው ጻፈ። ይመልሰው አይመልሰው እንጃ።

ቁጥር 41 ትናንት ማታ ገባ። የመጀመሪያው ሰው ነው፣ ያ ባለ አንድ ቃሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሁንም ሰላምታ የለውም፤ ስንት እንደቀረኝ ብቻ ነው የጠየቀው። ግማሽ በርሜል ቢራና አንድ ሙሉ ብርዝ እንዳለኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንደምገኝ ጻፍኩለት። ባለቤቴ ልብሱን ከክዳኑ ላይ እንድታነሳ ነግሬያታለሁ።